የሦስተኛ ፎቅ ድመቶች

ሰውየው ፀጉር ቆራጭ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ሁለት ወንበር ይዞ የሰፈሩን ራስ ሁሉ ሲከረክም የኖረ ነው። ሰፈርተኛው «መቀሱ» ይለዋል፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው እያሉ ይቀልዱበታል። እጁ የረጋ ነው፤ ምላሱም እንደ እጁ። ስለ ድመት ቢጠይቁት ኖሮ፣ ድመት ማለት ከሥጋ ቤቱ ጓሮ የምታደፍጥ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ሰው ስታይ በአጥር የምትዘል ነገር ናት ባለ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት በሩን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ገቡ። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርን በጄሶ ታስሯል። በግራቸው ክዳን ያለው ቅርጫት አንጠልጥለዋል።

«ፀጉር ትቆርጣለህ አይደል?» አሉት።

«እቆርጣለሁ እትዬ። ይቀመጡ።»

«ለእኔ አይደለም» አሉና ቅርጫቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው ክዳኑን ከፈቱት።

መጀመሪያ የወጣው ፀጉር ነው። ድመቱ ኋላ ነው የመጣው። ግራጫ ነው፤ ግን የአመድ ግራጫ አይደለም፤ ማለዳ ከወንዝ ላይ የሚነሳ ጉም ዓይነት። ፊቱ ክብ፣ አፍንጫው አጭር፣ ዓይኖቹ አዲስ እንደተወለወለ መዳብ። ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ያየውን የወደደ ይመስላል።

«ይሄ... ድመት ነው?»

«ምን መስሎህ ነው? ባርኔጣ?» አሉ አሮጊቷ። «እጄ ከተሰበረ ሦስት ሳምንቱ። ማበጠር አልቻልኩም፤ ብብቱ ሥር ተቋጥሯል። ሐኪም ዘንድ ብወስደው አደንዝዘው ሙልጭ አድርገው ነው የሚላጩት። በዚህ ሳልፍ በመስኮት አይሃለሁ። እጅህ አይቸኩልም።»

መቀሱ ትንሿን መቀስ አወጣ። ቋጠሮውንና ቆዳውን በማበጠሪያ ለይቶ፣ በማበጠሪያው ጥርስ ላይ ብቻ፣ ጫፍ ጫፉን ቆረጠ። ቆዳው የሲጋራ ወረቀት ያህል ስስ ነው፤ አንድ ስህተት ቢሠራ ደም ነው። ድመቱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ያንኮራፋል። ሥራው ሲያልቅ መቀሱ ጣቶቹን ጎኑ ውስጥ ሰደደ፤ ጣቶቹ ጠፉ። ሃያ ስድስት ዓመት ፀጉር ስነካ ኖሬያለሁ የሚል ሰው፣ ፀጉር ምን እንደሆነ ገና ያን ቀን የነካ መሰለው።

«እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል እትዬ?»

«ከየትም አይገኝም። በልፋት ይወለዳል።»

ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ መሆናቸውን፣ ንጹሕ ዘር ያላቸውን ድመቶች ማርባት ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደሆናቸው፣ የእያንዳንዱን አያትና ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት በወረቀት እንደያዙ ነገሩት። መቀሱ አፉን ከፍቶ ሰማቸው። ከዚያ እንደ ልጅ ተጣደፈና፣ «አንድ ወንድና አንድ ሴት ቢሰጡኝ እኔም...» አለ።

«አንተ የፈለግከው ድመት አይደለም፤ ፀጉር ነው» አሉት ቅርጫታቸውን እየዘጉ። «ድመት ስትፈልግ ና።»

*

ማታ ለባለቤቱ ነገራት። ባለቤቱ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎቿን ፈተና ታርም ነበር። ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ ሰማችው።

«ቆይ፣ የኔንም ያንተንም ቅድመ አያት ስም አናውቅም። የድመት ሰባት ቤት ልታስቆጥረን ነው?»

«ስታዪው እኮ ሌላ ነገር ነው።»

«ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል ውስጥ ያንተ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል። ድመቱ የት ነው የሚውለው? መተኮሻው ላይ?»

«መተኮሻውን አወጣዋለሁ» አለ። ባለቤቱ ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችው። ያን መተኮሻ አውጣ ስትለው ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

በእሑዱ አሮጊቷ ቤት ሄደ። በር ከፈቱለትና መጥረጊያ ሰጡት። አሥራ አንድ ድመት፣ ሰባት የአሸዋ ሳጥን። የአሸዋ ሳጥኖቹን ጠራረገ፣ የውሃ ሳህኖቹን አጠበ፣ የመስኮቱን መደገፊያ ወለወለ። በሚቀጥለውም እሑድ ሄደ። በሦስተኛው እሑድ የአንዲት ድመት ዓይን እንዴት እንደሚጠረግ አሳዩት፤ በለብ ያለ ውሃና በጥጥ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዓይን አዲስ ጥጥ። በአምስተኛው ላይ አንዷ ድመት ታማ ስታስመልስ፣ ሳይነግሩት ተንበርክኮ ጠረገና ጭንቅላቷን ይዞ ተቀመጠ። አሮጊቷ ከበሩ ላይ ቆመው አዩት። ያን ቀን ሻይ አፈሉለት።

በዘጠነኛው እሑድ ግራጫውን ድመት፣ ያንኑ የመጀመሪያውን፣ በቅርጫት አድርገው ሰጡት። መቀሱ ስሙን ጉም አለው።

«ይሄ የተኮላሸ ነው» አሉት። «አይወልድም፣ አያስወልድም። ለተኮላሹትም ውድድር አላቸው። አንድ ዓመት ይዘኸው ውጣ። ከሽቦ ኬጅ ውስጥ ማውጣት፣ ዳኛ ፊት ማቆም፣ መሸነፍ፣ እነዚህን ተማር። መሸነፍ የማይችል ሰው ዘር ሊጠብቅ አይችልም፤ ሲሸነፍ ይዋሻል።»

ጉም ገና በመጀመሪያው ማታ መቀሱ አጠገብ አልደረሰም፤ የባለቤቱ የፈተና ወረቀት ላይ ሄዶ ተጋደመ። ባለቤቱ ልታባርረው እጇን አነሳች፤ እጇ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀረ።

*

የመጀመሪያው ውድድር በአንድ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። የቅርጫት ኳስ መስመር የተሰመረበት ወለል ላይ ረጃጅም ጠረጴዛ ተደርድሮ፣ በጠረጴዛው ላይ ኬጅ፣ በየኬጁ ውስጥ ደግሞ ድመት። መቀሱ በዋዜማው እንደ ሙሽራ ሚዜ ሲንጎዳጎድ ነው ያመሸው። ሙያው ነውና ራሱን ማመን አላቃተውም። የጉምን ጆሮ ጫፍ አስተካከለለት፣ የአንገቱን ዙሪያ ክብ አድርጎ ከረከመለት፣ ሆዱ ሥር ያለውን ደረጃ በደረጃ አሳጠረለት። መጨረሻ ላይ ከሱቁ ያመጣውን ዱቄት፣ ከተላጨ ሰው ማጅራት ላይ የሚነሰንሰውን፣ ነሰነሰበት።

ዳኛው ነጭ ጋዋን የለበሰ ረጅም ሰው ነው። ጉምን አነሳ፣ ገለበጠ፣ ጎኑ ላይ እፍ አለ። ነጭ አቧራ ቦለለ። ዳኛው አስነጠሰ። ደግሞ አስነጠሰ። ከዚያ አንገቱን በጣቱ ነካክቶ፣

«ይህን ድመት ያዘጋጀው ማነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ መቀሱ ኮራ ብሎ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ፀጉር ቆራጭ ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለ ዳኛው። ሰዉ ሳቀ። «ወዳጄ፣ ድመቱ ግሩም ነው። ግን እኔ የምዳኘው እናቱ የሰጠችውን ፀጉር እንጂ አንተ የሰጠኸውን ቅርጽ አይደለም። የተቆረጠና ዱቄት ያለበት አይዳኝም። ከውድድር ውጪ ነው።»

መቀሱ ጉምን ታቅፎ በሁለት ረድፍ ሰው መካከል አለፈ። ፊቱ ላይ እሳት የነደደ መሰለው። አሮጊቷ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «አልነገሩኝም እኮ እትዬ!» አላቸው።

«አልጠየቅከኝም እኮ» አሉት።

ሰኞ ጠዋት ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሱቅ ደርሷል። ያመጣው የአውቶቡስ ሹፌሩ ነው፤ የመቀሱ የልጅነት ጓደኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጭንቅላቱን የሚላጭ፣ አፉ ሞተር የሆነ ሰው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይባል ነበር፤ ለካ የማይረሳው ፀጉር ቆራጩ ነው!» ሲል ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ አውካካ። መቀሱም ሳቀ። ሆዱ ግን አልሳቀም።

ሱቁን ዘግቶ ቤት እንደገባ አንድ የሽቦ ማበጠሪያና አንድ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ ትቶ፣ መቀሶቹን ሁሉ ከቤት አውጥቶ ወደ ሱቅ ወሰደ። ከዚያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ ከሥሩ ወደ ጫፉ፣ በንጣፍ በንጣፍ እየከፈለ አበጠረ። ምን ያህል ሳሙና ፀጉሩን እንደሚያከብደው፣ ምን ያህል ውሃ እንደሚያጥበው፣ ማድረቂያው ከምን ያህል ርቀት መሆን እንዳለበት ከአሮጊቷ እየጠየቀ ጻፈ። አሁን ይጠይቃል፤ ጥያቄው እስኪያሰለቻቸው ድረስ ይጠይቃል። በሁለተኛው ውድድር ጉም ምንም አላገኘም። በሦስተኛው ምንም አላገኘም። በአራተኛው ከተኮላሹት ሁለተኛ ወጣ፤ ዳኛዋ ጎኑ ላይ እፍ ብትል የተነሳው ፀጉር ብቻ ነበር።

ያን ዕለት ማታ አሮጊቷ ስልክ ደወሉለት። «ሴቷን እንፈልግልህ» አሉት። ስልኩን ዘጉ።

*

ሴቷ የመጣችው ከሌላ ከተማ ነው፤ አሮጊቷ ከድሮ ጀምሮ ከሚያውቋቸው አንድ አርቢ። ፀጉሯ የማር ወለላ ቀለም ስለሆነ ወለላ አሏት። ስትመጣ የአራት ወር ልጅ ናት፤ እስክትደርስ ከዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ የትውልድ ወረቀቱን ለጉድ ወደደችው። አንድ ትልቅ ካርቶን አምጥታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችና የወለላን አያቶች በቀለም በቀለም ዘረዘረች። ከእንዲህ ዓይነት ወንድ ጋር ብትገናኝ ስንቱ ወለላ፣ ስንቱ ግራጫ፣ ስንቱ ዝንጉርጉር እንደሚወለድ አሰላች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ የአሥራ አንደኛ ክፍል ትምህርት ነው» አለችው። «ለተማሪዎቼ ሳንቲም እየወረወርኩ ከማስተምር በድመት ባስተምር አንድም አይተኛም ነበር።»

ለድመት አርቢዎች ማኅበር የቤታቸውን መጠሪያ ማስመዝገብ ነበረባቸው፤ የሚወለዱት ድመቶች ሁሉ የሚጠሩበት። መቀሱ «ወርቃማ ዘውድ» አለ፤ ተይዟል። «የንጋት ኮከብ» አለ፤ እሱም ተይዟል። ባለቤቱ ቅጹን ከእጁ ነጥቃ «ሦስተኛ ፎቅ» ብላ ጻፈች። «ይሄን ማንም አይወስድብንም» አለች። እውነትም ማንም አልወሰደባቸውም።

የሚወለዱትን እንፈልጋለን ያሉ ስድስት ሰዎች ስማቸውን ሱቁ ውስጥ ባለው ደብተር ላይ አስፍረዋል፤ ከመካከላቸው የአውቶቡስ ሹፌሩ ሚስት አለችበት። ወለላ እንድታረግዝ ወደተመረጠላት ወንድ ድመት ቤት ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት አሮጊቷ፣ «ሐኪም ዘንድ ወስደህ ኩላሊቷን አስመርምር» አሉ። «ሻጩ ንጹሕ ናት ብሎኛል፣ አምነዋለሁ፤ ግን ወረቀት ይኑረን።»

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከወለላ ጉንጭ ውስጥ በጥጥ ጠርጋ ወደ ላብራቶሪ ላከች፤ ሆዷንም በማሽን አየች። ውጤቱ ሲመጣ መቀሱን ከፊቷ አስቀምጣ፣

«ጋሼ፣ ጥሩ ዜና የለኝም» አለችው። «ኩላሊቷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። አሁን ምንም አይሰማትም፤ ምናልባት ዓመታት ትኖራለች። ግን በዘር የሚተላለፍ ነው። ከምትወልዳቸው ግማሽ ያህሉ ይወርሱታል፤ እያደጉ ሲሄዱ ኩላሊታቸውን ይጨርሰዋል።»

መቀሱ ቅርጫቱን እንደያዘ ቁጭ አለ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው ከጀመረ።

«ግማሽ» አለ።

«ግማሽ።»

በነጋታው ቅዳሜ ነበር፤ ሹፌሩ ሊላጭ መጣ። መቀሱ ነገሩን ሲነግረው ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አየው።

«እና ምን ችግር አለው? ሐኪሟና አንተ ናችሁ የምታውቁት። ግማሹ ደህና ነው አላለችህም? አንዴ ብቻ አስወልድ፣ ከዚያ ተዋት። ለማን ይነገራል?»

መቀሱ ምላጩን አነሳ። «ሚስትህ እኮ ደብተሩ ላይ አለች» አለው።

«እሷማ ደህናውን ትወስዳለች።»

«ደህናው የትኛው ነው?»

ሹፌሩ ተላጭቶ ሲወጣ እንደ ወትሮው በሩ ላይ ቆሞ አልቀለደም።

ማታ ባለቤቱ ካርቶኑን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ጠቅልላ አገኛት። ዓይኗ ቀልቷል።

«እኔ» አለችው፣ «ግማሹ ክፍል እንደሚወድቅ እያወቅሁ ፈተና አልሰጥም። አንተስ?»

«ሰኞ አስኮላሻታለሁ» አለ። ከዚያ ወለላን ጭኑ ላይ አድርጎ እስክትተኛ ድረስ አበጠራት። ለውድድር አልነበረም፤ ለመውለድም አልነበረም። ያኔ ነው እሱ ራሱ ድመት የፈለገው፤ ግን አላስተዋለውም።

ደብተሩ ላይ ላሉት ለስድስቱም እየደወለ እውነቱን ነገራቸው። ከዚያ እሑድ ወደ አሮጊቷ ሄደ። በሩን የከፈቱት ቀስ ብለው ነው። ጄሶው ከወጣ ቆይቷል፣ ያም ሆኖ እጃቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያን ቀን ደግሞ ፊታቸውም እንደ እጃቸው ዝሎ ነበር።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉት ገና ሳይቀመጥ። «ሠላሳ ዓመት ሰው አትመን፣ ወረቀት እመን እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ የወዳጄን ቃል አመንኩ። ሦስት ዓመትህን በላሁብህ።»

መቀሱ ሊቆጣ መጥቶ እንደሆነ እሱም አያውቀውም። እያያቸው ግን ቁጣው የት እንደገባ ጠፋው። መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ አነሳ።

«እንደገና እንጀምር እትዬ» አለ።

«ስንት ዓመትህ ነው አንተ ልጅ?»

«ሃምሳ ሁለት።»

«እኔ ሰባ ስምንት።» ወደ አሸዋ ሳጥኖቹ ጠቆሙ። «እንግዲያው መጀመሪያ አሸዋውን ጥረግ። ከዚያ ብራናን እናያለን።»

ብራና የአሮጊቷ የራሳቸው ናት፤ ነጭ ሆና ጫፍ ጫፏ እንደ ቆየ ብራና ቢጫ የሚል። ለራሳቸው ያስቀሯት የመጨረሻዋ ሴት። ማንም ለምኖ ያላገኛትን ለመቀሱ ሰጡት። ሦስት ትውልዷ ተመርምሯል፤ እሷም እንደገና ተመረመረች፤ ወንዱም ተመረመረ። መቀሱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በብርሃን ላይ አንስቶ አነበባቸው። አሮጊቷ ሲያነብ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን አርቢ ሆንክ» አሉት።

*

ብራና ከወንዱ ጋር ከተገናኘችበት ቀን ጀምራ ባለቤቱ ቆጥራ፣ በስልሳ አራተኛው ቀን ትወልዳለች አለች። የቆጠረችው ቀን ማክሰኞ ላይ ዋለ። ብራና ግን የሂሳብ ተማሪ አይደለችም፤ ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ጀመረች።

መቀሱ ሱቅ ነበር። ወረፋ የያዙ አምስት ሰዎች አሉ፤ ወንበሩ ላይ ሹፌሩ ተቀምጧል፣ የግራ ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ የቀኙ ገና አረፋ እንደተቀባ። ስልኩ ጮኸ።

«ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ፎጣውን እየቦጫጨቀች ነው» አለች ባለቤቱ። ድምጿ ቀጥኗል። «እኔ ብቻዬን ነኝ። ድረስ!»

መቀሱ ምላጩን አስቀመጠ። «ወንድሞቼ፣ ይቅርታ። ቤት ውስጥ ልትወልድብኝ ነው» አለ።

«ሚስትህ?» አለ አንዱ ደንግጦ።

«ድመቴ።»

ሮጦ ወጣ። ከኋላው የእግር ኮቴ ሰማና ዞረ። ሹፌሩ ነው፤ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ እንደ እንቁላል የሚያበራ፣ ግማሹ አረፋ።

«ወዴት ነው?» አለው መቀሱ።

«እንዲህ ሆኜ ወዴት እሄዳለሁ? ካንተ ጋር ነው እንጂ!»

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ሦስቱን ፎቅ ሲወጡ ሹፌሩ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ገብተው ሲያዩ የመጀመሪያው ተወልዶ እናቱ እየላሰችው ነው። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። መቀሱ ተንበርክኮ ያያል፤ እጁን አያስገባም፤ አሮጊቷ «እናት ስትሠራ ዝም ብለህ እይ» ብለውታል። ባለቤቱ የእያንዳንዱን ሰዓትና ክብደት ትጽፋለች። ሹፌሩ ደግሞ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ እንዲያቅፍ ተነግሮታል፤ እንደ ጨቅላ ታቅፎ ጥግ ላይ ቆሟል።

አራተኛው ሲወጣ ብራና ደክማለች። ዞራ ሌሎቹን መላስ ጀመረች። አራተኛው በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ወድቆ ቀረ፤ አይንቀሳቀስም።

«ሞቷል» አለ ሹፌሩ።

መቀሱ አነሳው። ከረጢቱን በጥፍሩ ቀደደ፤ አፉንና አፍንጫውን በጨርቅ ጠረገ፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ በደረቅ ፎጣ ጀርባውን ማሸት ጀመረ። የሰው ጭንቅላት ሲያሽ የኖረ እጅ ነው፤ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ያውቃል፤ ምን ያህል መጫን እንደሌለበትም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ባለቤቱ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ተወው በቃ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስቱ ይበቁናል።»

«ጠርሙሱን አምጣው» አለ መቀሱ ሹፌሩን። ሹፌሩ ተንበርክኮ ጠርሙሱን አስጠጋ። መቀሱ እንደገና አፉን ጠረገ፣ እንደገና አሸ። አራት ደቂቃ። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። አምስት ደቂቃ ሲሞላ ያች የጣት ጉማጅ የምታክል ነገር አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን የለም። ደግማ ከፈተች። በሦስተኛው ላይ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ አለች።

ሹፌሩ ጠርሙሱን እንዳቀፈ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። «ወይኔ፣ አውቶቡስ ተገልብጦብኝ እንኳ እንዲህ አልደነገጥኩም» አለ። አረፋው ጆሮው ላይ ደርቋል።

አራተኛው ወንድ ነው፤ ሰባ ሁለት ግራም። ሌሎቹ ዘጠና አልፈዋል። ለሦስት ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ በጠብታ ወተት ተጨመረለት፤ ከባለቤቱ ጋር እየተፈራረቁ። ሹፌሩ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ «ስንት ገባ?» ብሎ ይደውላል። ሰማንያ ሲባል፣ መቶ ሲባል፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ። ልጁ ሲያድግ ጅራቱ ትንሽ ጠመም አለ፤ ለውድድር አይሆንም። «ለኔ ይሆናል» አለ ሹፌሩ። «ጠርሙሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ተኮላሽቶ ሄደለት።

*

ለውድድር የተመረጠችው ሁለተኛዋ ግልገል ናት፤ እንደ እናቷ ነጭ፣ ወለላ ቀለም ያለባት፣ ሰው የማትፈራ። አምስት ወር ሲሞላት በቅርጫት ይዘዋት ሄዱ። ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ የደረሱበት አዳራሽ ሰፊ ነው፤ መቶ ሃምሳ ያህል ድመት ተመዝግቧል። መቀሱ የሚፈልገውን ያውቃል፤ ኬጁን ጠረገ፣ መጋረጃውን አሰረ፣ ማበጠሪያውን በኪሱ ከተተና ቁጭ አለ። ባለቤቱ ግን የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር አራት ጊዜ አነበበች።

ዳኛዋ አጭር ወፍራም ሴት ናት። ግልገሏን አንስታ ወደ መብራቱ አቀናቻት፣ ጎኗን ዳሰሰች፣ ላባ ያለበት ዘንግ አወዛወዘችላት። ግልገሏ በሁለት እግሯ ቆማ ላባውን ያዘች፤ አልለቅም አለች። ዳኛዋ ሳቀችና ጻፈች።

ከዘሯ ግልገሎች አንደኛ ወጣች። በመጨረሻው ዙር ከአዳራሹ ግልገሎች ሁሉ መካከል ሲጠሩ ደግሞ አምስተኛ። መቀሱ ሰማያዊዋን ሪባን ተቀብሎ ወደ አሮጊቷ ሄደ። ወንበር ይዘው ከረድፉ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ያን ያህል መንገድ አይችሉም ሲባሉ እንቢ ብለው የመጡ ናቸው። ሪባኗን አገላብጠው አዩ።

«ዳኛዋ ምን ጻፈች?» አሉ። «ሪባን ይደበዝዛል። ወረቀቱን አምጣ።»

ባለቤቱ ወረቀቱን አነበበች። «ፀጉር፣ እጅግ ጥሩ። ዓይን፣ እጅግ ጥሩ። ባሕርይ፣ ድንቅ። አዘገጃጀት፣ እንከን የለውም። አገጭ...» ቆም አለች። «አገጭ፣ ደካማ።»

ሦስቱም ጎንበስ ብለው ግልገሏን አዩ። ግልገሏ አገጯን ቅርጫቱ ጫፍ ላይ አስደግፋ አንቀላፍታለች።

«እውነቷን ነው» አለ መቀሱ። «ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። እንዴት አላየሁትም?»

«ስለወደድካት» አሉ አሮጊቷ። «ለቀጣዩ አገጩ የጠነከረ ወንድ ትፈልጋለህ።»

መቀሱ ሪባኗን ለባለቤቱ አቀበለና ቀና ብሎ ረድፉን ተመለከተ። ወዲያ ጫፍ፣ ከሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ጥቁር ድመት እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ተቀምጧል፤ አገጩ እንደ ጥርብ ድንጋይ ነው።

«የዚያ ባለቤት ማነው?» አለ።

«ቆይ፣ ጥቁር ከሆነ ቀለሙን ላስላ» አለች ባለቤቱ፤ ቀድሞውንም ቦርሳዋ ውስጥ እስክሪብቶ እየፈለገች።

«መጀመሪያ የኩላሊቱን ወረቀት ጠይቃቸው» አሉ አሮጊቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

መቀሱ ግን አልሰማቸውም፤ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እያስገባ ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ መንገድ ጀምሯል።